ሲቪቪ ምንድን ነው? በቅድሚያ፣ ፓስወርድ አይደለም

ሰሞኑን ሰንጋ ተራ ያለው ቢሯችን አንድ ልጅ መጣ። ከውጭ ድረ ገጽ ስኒከር ገዝቶ አሜሪካ ላለችው አክስቱ ሊያስልክ ነበር፤ እሷ ስትመጣ ይዛለት ትመጣለች። ገጹ የታወቀ ሱቅ አስመስሎ የተሠራ የሌባ ገጽ ነበር። ከካርዱ ማታ ተቆረጠ፣ ጠዋት ደግሞ ተደገመ። ልጁን ያንገበገበው የጠዋቱ ነው። «ፓስወርዱን እኮ ማታውኑ ቀይሬያለሁ!» አለኝ። ለካ ኤቲኤም ሄዶ ፒኑን ቀይሮ ነው።

በእሱ አልፈርድም። በየቪዲዮው «ከካርዱ ጀርባ ያሉት 3 ቁጥሮች የካርድህ ፓስወርድ ናቸው» የሚል አስተማሪ ሞልቷል። ወንድሜ፣ ፓስወርድ ካርዱ ላይ ታትሞ የሚሰጠው የት አገር ነው?

እነዚያን 3 ቁጥሮች፣ ማለትም ሲቪቪን፣ ባንኩ ነው አስልቶ የሚያወጣው፤ ከካርዱ ቁጥርና ከማብቂያ ቀኑ ተነስቶ፣ እሱ ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ። እናንተ አልመረጣችሁትም፣ ልትቀይሩትም አትችሉም። ከፒን ጋር አይተዋወቁም። የሚናገረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን የሚጽፈው ሰው ካርዱን ሳያየው አልቀረም። ሰውየው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ስታስቀምጡ ቁጥር ያለበት ፕላስቲክ ይሰጣችሁ የለ? እሱን አስቡት። ጠባቂው ቁጥሩን ላመጣ ሰው ቦርሳውን ያስረክባል፤ መታወቂያ አይጠይቅም። ያ ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ቤት ሄዳችሁ የበራችሁን ቁልፍ ትቀይራላችሁ? ልጁ ያደረገው ይህንን ነው። ጠባቂው ደግሞ ቁጥራችሁን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ማስቀረት የለበትም። የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብም ሻጩ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ሲቪቪን እንዳያስቀምጥ ይከለክላል፤ መስጥሮም ቢሆን። የሱቅ የመረጃ ቋት ቢሰረቅ የካርድ ቁጥሮች ይገኛሉ፣ ሲቪቪ ግን መገኘት የለበትም። ካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር የማግኔት መስመር ላይም የለም፤ እዚያ ያለው ሌላ ኮድ ነው። ሲቪቪ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ሥራ የገባውም ለዚህ ነው፤ የተሰረቀ የካርድ ቁጥር ብቻውን እንዳይበቃ። (ምሳሌዬ እዚህ ጋ ያነክሳል፤ ቦርሳ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፣ ካርድ ግን ደጋግሞ ይከፍላል።) በዚያ ላይ የሌባ ገጽ ደንብ አያከብርም። ሲቪቪ ስለጠየቀ ብቻ «ሕጋዊ ነው» የምትሉ፣ ሌባውም የሚፈልገው እሱን ነው።

«ቁጥሩን ፋቀው፣ ከዚያ ማንም አይነካህም» የሚልም አለ። ይፋቅ፣ አልቃወምም፤ ካርዱን አስተናጋጅ ይዞት ሲሄድ ይጠቅማል። ግን ሲቪቪ ጭራሽ የማይጠይቁ ሻጮች አሉ። በየወሩ የሚቆርጡ አገልግሎቶችም ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ አይጠይቁም፤ ማስቀመጥ ስለማይፈቀድላቸው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ ደግሞ 4 አሃዝ ነው፣ ያውም ከፊት ለፊት። እሱን የያዘ ሰው ጀርባውን ሲፍቅ ይዋል።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቴሌብር ላይ ፒን አለ፣ ፒን ስትቀይሩ አሮጌው ይሞታል። ካርድ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልክ ላይ የሚመጣው ኦቲፒም (ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው ኮድ) ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም ገጽ አይጠይቀውም። ሌባውም የሚሮጠው ወደማይጠይቀው ነው።

ሲቪቪያችሁ ሰው እጅ ከገባ ካርዱን ማዘጋት ነው። ሌላ መድኃኒት የለውም። አዲስ ካርድ ሲወጣ ሲቪቪውም አዲስ ይሆናል።

የልጁን ካርድ እዚያው ዘጋነው። የቅሬታ ፎርም ሰጠሁት። «የተገዛው ዕቃ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበና «ስኒከር፣ ነጭ፣ 43 ቁጥር» ብሎ ጻፈ።