ስለ ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መከላከያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ በሽመና ክፍል፣ በሲሚንቶ ወፍጮ አጠገብ ወይም በብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ «ጆሮዬ ይጮኻል» ማለቱ ብዙዎቻችን የለመድነው ነገር ነው። ጉዳቱ ስለማያምና ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ቸል ይባላል፤ ይሁን እንጂ ድምፅ የሚቀበሉት የውስጠኛው ጆሮ ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ማይክሮፎንና ስፒከር ስለተገጠመላቸው የጆሮ መከላከያዎች የሚነገረው የተሳሳተ ነገር ብዙ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት እውነቱን መለየት ይገባል።

«ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ከተራው ይበልጥ ይከላከላል።» ድምፁን የሚያግደው ጆሮን የሚከድነው ጠንካራ ቆብና ከራስ ቅል ጋር የሚገጥመው ትራስ ነው። የኤሌክትሮኒክሱ ሥራ የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብሎ፣ ዝቅተኛውን አጉልቶ፣ ኃይለኛውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ82 እስከ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ባለው ደረጃ ላይ ገድቦ በስፒከር ማሰማት ብቻ ነው። ስለዚህ ባትሪው ቢያልቅ መከላከያው ያው ይቀራል፤ የሚቋረጠው የሰው ንግግር መስማት ነው። ሲገዙም በቅድሚያ የሚታየው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ድምፅ የመቀነስ ቁጥር (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤንአርአር) ነው፤ እሱም በላቦራቶሪ የተለካ ስለሆነ በፋብሪካ ውስጥ ያነሰ እንደሚሆን መታወቅ አለበት። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ በሚጠቀምበት የጥንቃቄ ስሌት፣ ኤንአርአር 25 ተብሎ ከተጻፈው ላይ 7 ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት ሲካፈል የሚተማመኑበት 9 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል።

«ጫጫታ የሚያጠፋ የሙዚቃ ማዳመጫም ይበቃል።» በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የሚሸጡት እነዚህ ማዳመጫዎች የሚያዳክሙት በዋናነት ወፍራምና የማይቋረጥ ጉርምርምታን ነው፤ የጄኔሬተርን ድምፅ ለምሳሌ። የግራይንደርን ሲርታና የመዶሻን ምት ግን አብዛኛውን ያሳልፋሉ። ለሥራ ቦታ መከላከያነት ተለክተው ያልተመሰከረላቸው ከሆኑ ሊታመኑ አይገባም፤ በዚያ ላይ ሠራተኛው ጫጫታውን ለመብለጥ ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርግ በአንዱ ጉዳት ላይ ሌላ ይጨምራል።

«ለጥቂት ደቂቃ ማውለቅ ምንም አይደለም።» ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሰፊው በሚሠራበት የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ኒዮሽ ምክር መሠረት ለ85 ዴሲቤል የሚፈቀደው 8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ ያደረገች ሠራተኛ ከ8 ሰዓቱ ውስጥ 30 ደቂቃ ብታወልቀው፣ የቀኑ ጥቅም ተደምሮ ወደ 12 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። እነዚያ 30 ደቂቃዎች ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚባክኑ አይደሉም፤ ፎርማኑ ቀርቦ ሲናገር አንዱን ቆብ በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ፣ የተበጠሰ ክር ሲቀጠል የማሽኑን ድምፅ ለማዳመጥ ከፈት ማድረግ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው የሚጠራቀሙት። የኤሌክትሮኒክሱ ትልቁ ጥቅም ንግግር እያሰማ ይህን ማውለቅ ማስቀረቱ ነው፤ ዋጋው የሚገባው ሰው ለሰው እየተነጋገረ ለሚሠራና ጫጫታው እየመጣ ለሚሄድበት ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በማይቋረጥ ከባድ ጫጫታ ውስጥ ብቻውን ለሚቆም ሰው በደንብ የገጠመ ተራ መከላከያ ሊበቃው ይችላል።

«ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሻላል።» በጆሮ ውስጥ የሚቀረው ድምፅ ከ70 ዴሲቤል በታች ከወረደ ሠራተኛው ከአካባቢው ይነጠላል፤ የፎርክሊፍት ጥሩምባና የአደጋ ደወል ሊያመልጠው ይችላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ቡሽ ከቆብ ጋር መደረቡም የሁለቱን ቁጥር አይደምርም፤ በትልቁ ላይ የሚጨምረው 5 ዴሲቤል ገደማ ነው።

«ትራሱ ካልተቀደደ ደህና ነው።» በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ትራሱን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። በጣት ሲጫኑት ቶሎ የማይመለስ ወይም ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ትራስ ሥራውን ጨርሷል፤ ስለዚህ መለወጫ ትራስ የሚገኝለትን ዓይነት መምረጥ ብልህነት ነው። የመነጽር ክንድም በጆሮ ፊት ክፍተት ይፈጥራል። ከተማችን ውስጥ በርካታ ሴት ሠራተኞች ሻሽ ወይም ሂጃብ ስለሚያደርጉ፣ ቆቡ በጨርቁ ላይ ሲደረግ ድምፅ እንደሚያሾልክ ሊነገራቸው ይገባል። ቆቡን ከጨርቁ ሥር ማድረግ ይቻላል፤ ግን ጨርቁ ማይክሮፎኑን እንዳያፍነው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሮኒክ ዓይነት ለእነርሱ ብዙ ጊዜ ይመቻል።

«የትኛውም ኤሌክትሮኒክ መከላከያ በየትኛውም ቦታ ይሠራል።» ነዳጅ ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ ብልጭታ እንደማያስነሳ የተረጋገጠለት ብቻ ነው የሚፈቀደው።

«መግዛት የሠራተኛው ፋንታ ነው።» የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ሠራተኞች ሁለት ሦስት ዓይነት ቀርቦላቸው፣ የሚያደርጉትን መነጽርና ሻሽ እንዳደረጉ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት የቀትር ሰዓት በየማሽናቸው አጠገብ ሞክረው እንዲመርጡ መጠየቃቸው ተገቢ ነው።