ሲሲ እና የፈረስ ጉልበት ምንድን ናቸው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ነው ነገሩ የመጣው። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ቪትዝ ገዝቷል። አራት ሆነን፣ ከኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭነን የሐረጎን ዳገት ስንጀምር መኪናዋ ማቃሰት ጀመረች። ይባስ ብሎ ቁርጥ የኛን የምትመስል ሌላ ቪትዝ ከኋላ መጥታ ጥላን እብስ አለች። "ሸወዱኝ እንዴ?" አለ። ማንም አልሸወደውም። የሱ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ናት፣ ያቺኛዋ 1.3 ሳትሆን አትቀርም።

ሲሲ ማለት ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ፒስተኖች ከላይ እታች ሲመላለሱ የሚሸፍኑት ቦታ ተደምሮ የሞተሩ ሲሲ ይባላል። 1000 ሲሲ ልክ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ሃይላንድ ያህል ነው። ስለዚህ ሲሲ የሞተሩን የሆድ ስፋት እንጂ ጉልበቱን አይነግርህም። ቀረጥ ሲሰላ ግን ሲሲም ይታይ ነበር፤ እስከ 1300 ሲሲ ያለው ይቀልለት ነበር። ከተማው በቪትዝ የተሞላው አንድም ለዚህ ነው።

የፈረስ ጉልበት ሌላ ነው። 75 ኪሎ፣ ማለትም ሩብ የጎደለው ኩንታል፣ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ከቻልክ አንድ የፈረስ ጉልበት አለህ። ሐሳቡን ያስፋፋው የእንፋሎት ሞተሩ ጄምስ ዋት ነው፤ ሞተሩን በፈረስ ለሚሠሩ ሰዎች መሸጥ ነበረበትና በሚገባቸው ቋንቋ ነገራቸው። የወሎ ፈረስ ቢለካ ኖሮ ስንት ይወጣው እንደነበር እንጃ!

አሁን ወደ ቪትዝ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ 1.0ዋ (996 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር) 71 ፈረስ አላት። 1.3ዋ 87 አላት። አርኤስ የምትባለው 1.5 ደግሞ 110 ገደማ ነች። መልካቸው አንድ ስለሆነ የኋላ ጽሑፍ አትመን። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችውን የብረት ሰሌዳ እይ፦ ኬኤስፒ90 (KSP90) ካለ 1.0፣ ኤስሲፒ90 (SCP90) ካለ 1.3 ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይሄን ነው። ያ 71 ፈረስ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ገደማ ሲሽከረከር ብቻ ነው። አንተ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ቀስ እያልክ ስትወጣ ግማሹን እንኳ አታገኝም። በዛ ላይ ከፍታ አለ። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አስር በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት። 71 የተባለው እዚህ ሲደርስ 53 ገደማ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ።

ቱርቦ ያለው አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ይሄ ብዙም አያሳስበው። የቶዮታ ራይዝን ውሰድ፤ እሷም 996 ሲሲ ነች፣ ግን በቱርቦ 98 ፈረስ ታወጣለች። ሲሲ አንድ፣ ጉልበት ለየቅል።

የአክስቴ ልጅ ኤሲውን አጠፋ፣ ሁለተኛ አስገባና ነዳጁን ረገጠላት። ሞተሩ ጮኸ። እሱ ተሳቀቀ፣ መኪናዋ ግን ወጣች።