የዝነኛ ሥዕሎች ቅጂ በስኬትቦርድ ጣውላ ላይ፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ስኬትቦርድ ሲባል ቶሎ የሚታየን ወጣቶች ቆመውባት የሚንሸራተቱባት ባለ ጎማ ጣውላ ናት። እዚህ የምናያት ግን ጎማ የላትም፤ አስፋልት ነክታም አታውቅም። ሆዷ ላይ የቆየ ዝነኛ ሥዕል ታትሞባት ሳሎን ወይም ካፌ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ጌጥ ናት። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ገበያ አላት። ባሕር ዳር ላይ የግድግዳ ጌጥ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሌላ ነው፦ በፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል፣ ትንሽ የደንገል ታንኳ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት በሚወስደው የጫካ መንገድ ዳር ተዘርግቶ የሚሸጠው ዕቃ። ሁለቱ ልማዶች ግን ከሚመስለው በላይ ይቀራረባሉ።

መጀመሪያ ጣውላዋን እንወቃት። የምትሠራው ብዙ ጊዜ ከሰባት ቀጫጭን የእንጨት ንጣፎች ነው። እንጨቱ በሰሜን አሜሪካ የሚበቅል ሜፕል የሚባል ጠንካራ ዛፍ ነው። ንጣፎቹ በሙጫ ተደራርበው በመጭመቂያ ቅርጽ ይይዛሉ። አናጢዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ ይቺኛዋ ግን ሁለቱ ጫፎቿ ቀና ይላሉ፣ መሃሏም በትንሹ ይጎደጉዳል። ርዝመቷ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ጎማ የሚታሰርባቸው ስምንት ቀዳዳዎች አሏት፤ አራቱ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ።

ሥዕሉ ለምን ሆዷ ላይ ሆነ? ላይኛው ፊት እግር እንዳያዳልጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ጥቁር ልጣፍ ስለሚሸፍነው ነው። ለሥዕል የሚተርፈው የታችኛው ፊት ብቻ ነው። እሱም ልጆቹ በብረትና በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲንሸራተቱ በጥቂት ሳምንት ይፋቃል። ሥዕሏን የወደደ ሰው አዲሷን ጣውላ ሳይነዳት ግድግዳ ላይ ይሰቅላታል። ጌጥነቱ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

ድሮ ሥዕሉ የሚታተመው በስክሪን ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ወንፊት ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ ደማቅና ጥርት ያለ ምስል ይወጣል፤ የቆየ የዘይት ቀለም ሥዕል ጥላና ብርሃን ግን አይያዝም። በኋላ በሙቀት ማተም ተለመደ። ምስሉ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይታተምና በሙቀትና በግፊት ወደ እንጨቱ ይሸጋገራል። እንደ ቫን ጎግና ክሊምት ያሉ አውሮፓውያን ሠዓልያንን፣ የአንዱን ሰማይ ወይም የሌላውን ወርቅ፣ ጣውላ ላይ ማውጣት የቀለለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሙዚየሞችም በራቸውን ከፈቱ። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምና የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን የቅጂ መብት ዘመናቸው ያለፈ ሥራዎችን ጥራት ያለው ፎቶ በነፃ ለቀዋል፤ ሜትሮፖሊታን ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በገበያው በኩል ሱፕሪም የተባለው የኒውዮርክ ድርጅት ከታወቁ ሠዓልያን ጋር ጣውላ በማውጣት ስሙን አትርፏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ቤት 248 የሱፕሪም ጣውላዎችን በአንድ ላይ 800,000 ዶላር ሸጧል። ዘ ስኬትሩም የተባለው የብራስልስ ድርጅት ደግሞ ባስኪያና ዋርሆል የተባሉትን አሜሪካውያን ሠዓልያን ሥራዎች በጣውላ ያሳትማል፤ ከገቢው ከፊሉን ለልጆች የስኬትቦርድ ትምህርት ይሰጣል። እንዲህ ያለው ገንዘብ ለልጆች ሲውል ደስ ይለኛል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ እንምጣ፤ ቅርጹ። ጣውላዋ ጠባብና ረጅም ናት። አንድ ሥዕል አንድ ጣውላ ላይ አይበቃም፤ ስለዚህ ሦስት ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ሦስቱ ሲገጥሙ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናሉ። ሞናሊዛ 53 በ77 ሴንቲ ሜትር ናት፤ የተሳለችውም እንጨት ላይ ነው። ማለትም ሦስቱ ጣውላዎች ከእሷ እውነተኛ መጠን ብዙም አይርቁም። የጃፓናዊው ሆኩሳይ ታላቅ ማዕበል ግን 25 በ37 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የወረቀት ኅትመት ነው። ጣውላ ላይ ሲወጣ ከራሱ በላይ ይገዝፋል፤ ከዚያም አግድም ስለሆነ ግራና ቀኙ ይቆረጣል። አቆራረጥ የሚባለው ሥራ እዚህ ጋ ይመጣል። ጥሩ ቅጂና መጥፎ ቅጂ የሚለዩት ከቀለሙ ይልቅ በአቆራረጡ ነው ባይ ነኝ።

ለረጅም ጣውላ የሚስማማ ሥዕል ማየት የሚፈልግ ሰው ጣና ዳር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይግባ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። አብዛኛው ሥዕል ጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። የመቅደሱ ታላላቅ የእንጨት በሮች ላይ ግን ሰይፍ የያዙ ሊቃነ መላእክት ቆመዋል። በሩ ቁመቱ የመልአኩን ቁመት፣ ስፋቱም የክንፉን ስፋት ያህላል። ሠዓሊው እንጨቱን ዓይቶ ሥዕሉን በልኩ አቆመው እንጂ ሌላ ቦታ የነበረን ሥዕል ቆርጦ አላመጣም።

ሦስት ሆኖ መሰለፍም ለእኛ አዲስ አይደለም። እንደ መስኮት የሚከፈቱና የሚዘጉ ባለ ሦስት ገበታ የእንጨት ሥዕሎች ከጥንት አሉን፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ከዋንዛ ነው። በገበታ ሥዕል ከሁሉ በላይ የሚነሳው ስም ፍሬ ጽዮን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረ ሠዓሊ ሲሆን ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ደሴት ገዳም በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። መቅዳትም ቢሆን የቆየ ሥራችን ነው። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የማርያም ሥዕል ቅጂ ኢየሱሳውያን በሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በኩል አገራችን ገባ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሠዓልያኑ እጇን እንዳጣመረች ተቀበሏት፤ ልብሷንና ዓይኗን ግን የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ ብለን የምናውቃት የዚያ ቅጂ ልጅ ናት።

አቆራረጥን በተመለከተ ከጣና ሥዕሎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣንና ክፉ ሰው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ ይታያል፤ ይሁዳም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። እንግዲህ በሁለት ጣውላዎች መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ቅዱስ ፊት ላይ ቢያርፍ ምን ይፈጠራል? ጻድቁ በእያንዳንዱ ጣውላ ላይ ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ቀረ። ይህ የማማር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሥዕሉ ነገር ራሱ ተገለበጠ። ሌላም አለ። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሥዕሉን ለጠባብ ጣውላ ብለን ከጎንና ከጎን ብንቆርጠው መጀመሪያ የሚጠፉት እቴጌይቱ ናቸው፤ ወይ ራሳቸው ይቀራል፣ ወይ እግራቸው።

ከዚህም በላይ የሚከብድ ነገር አለ። ስኬትቦርድ የእግር ዕቃ ነው። ጣውላዋ ተረግጣ ባታውቅም ቅርጿ የእግር ነው። ሥዕለ አድኅኖ ደግሞ የሚጸለይበት፣ መጋረጃ የሚጋረድለት፣ የሚሳለሙት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ብዙ ምእመናንን ያስቀይማል፤ እኔም ባይደረግ እላለሁ። የሞናሊዛ ቅጂ ሌላ ነገር ነው፤ ማንም አይሳለማትም።

ታዲያ ምን ይታተም? ሐረግ። በብራና መጻሕፍታችን ምዕራፍ መክፈቻ ላይ የሚሳለው፣ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚጠላለፈው ጌጥ። ከገጹ ራስ ተነሥቶ በጽሑፉ ዓምዶች ጎንና መካከል ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ለጣውላዋ ከዚህ የተሻለ ልክ የለም። ብቻውን ይቆማል፤ ቢቆረጥም ታሪክ አይጎድልበትም። የወፍ፣ የታንኳ ቀዛፊ፣ የዘጌ ቡና ሥዕልም እንዲሁ ያምራል።

ይህን ባሕር ዳር ላይ መሥራት አይከብድም። ሜፕል ባይኖር ኮምፔንሳቶ አለ፤ ዋንዛም አለ። ለግድግዳ ብቻ ከሆነ ጫፉን ማጠፍ ግድ አይደለም፤ አናጢ ዙሪያውን ቆርጦ ቢያከብበው ይበቃል። ሐረጉን በእጅ የሚስል ሰው ከተገኘ ደግሞ ማተሚያ ቤት መሄድም አያሻም፤ ሥራው ለሠዓሊው እንጀራ ይሆናል።

በሕግ በኩል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። የጥንት ሐረግ ከዚህ ውጭ ነው። ዛሬ ያለ ሠዓሊ የሠራውን ግን ሳያስፈቅዱ ማተም አይቻልም። ገዳም ውስጥ ፎቶ ለማንሳትም አባቶችን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሐረጉ የተወሰደበት ገዳም ስም ከጣውላው ጀርባ ቢጻፍ ደግሞ ገዢው የያዘውን ያውቃል።

ሲሰቀል የብሎኬት ግድግዳ ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል፤ ጣውላዋ በጎማ ቀዳዳዎቿ ትያዛለች። ሦስት ከሆኑ በመካከላቸው ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አይተው፤ አለዚያ ሥዕሉ ይበተናል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፤ ከመስኮት ትይዩ ያለ ግድግዳ አይመረጥም። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ እንጨት ያነፋል። ጠርዙንና ቀዳዳዎቹን ቫርኒሽ መቀባት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቆ መስቀል ይበጃል።