ሊፍት ምንድን ነው? ዲፈረንሻሉስ የት ቀረ?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደላላ የሃይሉክስ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከስሩ እንዲህ ይላል፦ «4 ኢንች ሊፍት የተደረገ። ድንጋይ የሚባል አይነካውም!» ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የኋላው ዲፈረንሻል (አክስሉ መሃል ላይ ያለው፣ ጥርሶቹን የያዘው ክብ ብረት) እንደ ድሮው ተንጠልጥሎ መሬት መሬቱን ያያል። ፋብሪካው ካስቀመጠው ቦታ ጣት የምታህል አልተነሳም።

ይህችን አባባል አዳማ ውስጥ ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ጎሚስታ ቤት እሰማታለሁ። ሻይ ቤት እሰማታለሁ። አንዴ ሰርግ ላይ ጥሬ ሥጋ እየበላሁ ሰምቻት ልታነቀኝ ነበር። ዕድሜዬን ባሌስትራና ሞላ፣ መኪናውን ተሸክመው የሚለጠጡትን ብረቶች፣ ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ። የቅዳሜው ግን ጽዋዬን ሞላው። (የመኪናውን ሞላ ማለቴ አይደለም።)

እና ሊፍት ምንድን ነው? የፎቁን አላልኩም። መንገድ ዳር «ሊፍት ስጠኝ» የሚባለውንም አላልኩም። የመኪና ሊፍት ማለት ሻንሲውንና (የመኪናውን አጥንት) ቦዲውን ከአክስሉ፣ ጎማዎቹን ከሚይዘው ብረት፣ ማራቅ ነው። ከአክስሉ። ከመሬት አላልኩም። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው።

አክስሉ የተቀመጠው ጎማው ላይ ነው። ባሌስትራው አክስሉ ላይ። ሻንሲው ባሌስትራው ላይ። የበለጠ ጎበጥ ያለ ባሌስትራ ስታስገቡ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ይነሳል። ከሱ በታች ያለውስ? የትም አይሄድም። ዲፈረንሻሉ ደግሞ አክስሉ ላይ ስለሆነ ከታች ነው።

ወንዝ በእግሩ የተሻገረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሱሪያችሁን ትሰበስባላችሁ። ሱሪው ከውሃው ይርቃል። እግራችሁ ግን ያው ድንጋዩን ነው የሚረግጠው። ሱሪው ጉልበት ላይ ስለደረሰ ቁርጭምጭሚት ከድንጋይ አይድንም። ሊፍት ሱሪ መሰብሰብ ነው። ዲፈረንሻሉ ቁርጭምጭሚት ነው። ቁርጭምጭሚታችሁን ከፍ ማድረግ ካማራችሁ ዋናው መንገድ አንድ ነው፦ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ። እሱም ጎማ ነው።

ጫማውም ቢሆን የሚመስላችሁን ያህል አይሰጥም። 265/70 ባለ 16 ጎማን እንውሰድ። ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ285/75 ባለ 16 ብትቀይሩት 834 ይሆናል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው። አክስሉ ግን ያለው ጎማው መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው በግማሹ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሴንቲ እንኳ አልሞላም። ይሄ ትልቅ ጎማ ደግሞ ዝም ብሎ አይገባም። መሪ ስትጠመዝዙ ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ሽፋን) ይበላል። ለሱ ቦታ ለመክፈት ሊፍት ትፈልጋላችሁ። እውነተኛው የሊፍት ሥራ አንዱ ይሄ ነው። ሌላም መዘዝ አለው፤ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል። 80 ሲላችሁ እናንተ 86 አካባቢ ናችሁ። ፈጣን መንገዱ ላይ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ «ቆጣሪዬ እንዲህ አላለኝም» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

አሁን አንድ የማውቀው ተከራካሪ ይነሳል። ስሙን አልጠራም። «እኔ ሊፍት አድርጌ ፈንታሌ ስር ያለውን ጥቁር ድንጋይ አልፌዋለሁ፤ ድሮ ይነካኝ ነበር» ይላል። አምነዋለሁ። ግን ድሮ የሚነካህ ምንህን ነበር አልኩት። አሰበ። ፓራውልቱን፣ የፊት መከላከያውን ነበር። አየህ፣ ፓራውልት ሱሪ ነው! ሊፍት የሚያድነው እሱን ነው። ዳገት ሲጀምር የፊቱን አፍንጫ፣ ጉብታ ሲያልፍ ሆዱን፣ ሲወርድ ጅራቱን። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከአርሲ ገጠር የሚመጡ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እዚያ ላይ ነው። እኔ ሊፍት አይጠቅምም አላልኩም። የሚጠቅመውን ቦታ እወቁት ነው ያልኩት።

ለሱ የሚያግዘውን ክርክር እንኳ እኔው ልስጠው፣ እሱ አላነሳውምና። ሃይሉክስ ቪጎና ሪቮ፣ ፕራዶም ጭምር፣ ፊታቸው ላይ ከጎማ ጎማ የሚደርስ ሙሉ አክስል የላቸውም። የፊት ዲፈረንሻላቸው ከሻንሲው ጋር ነው የታሰረው። ሻንሲው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ፊት ለፊት ታሸንፋላችሁ። ኋላ ግን ያው ሙሉ አክስል ነው። ድንጋይ ደግሞ ፊተኛውን አሳልፎ ኋለኛውን መጠበቅ ይችልበታል። ሃርድ ቶፕ የሚባለው ላንድክሩዘር ከሆነማ ፊትም ኋላም ሙሉ አክስል ነው። ፊትም ኋላም ያው ናችሁ።

ወደ ሱሪው ልመለስ፣ ወድጄዋለሁ። እስከ ጉልበት ብትሰበስቡት ምንም አትሆኑም። ወገቡን ይዛችሁ ወደ ብብት ብትጎትቱት ግን የት ላይ እንደሚይዛችሁ ታውቃላችሁ። መኪናም እንደዚያው ነው። እስከ 2 ኢንች አካባቢ አብዛኛው መኪና ይችለዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። የፊቱ ሲቪ ጆይንት (ጎማውን የሚያዞረው መገጣጠሚያ) ተጣምሞ መዞር ይጀምራል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ላስቲክ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ የአዳማ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ ማለት ነው። የድሮው ሾክ (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው) ያጥራል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሾኩ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ሾክን በቀበቶ ልመስለው አስቤ ነበር። አልሄደልኝም፣ ይቅር።

ስፔሰር የሚባለውን ቀለበት በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ከፊቱ ሞላ አናት ላይ የሚገባው ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይገጠማል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ሞላው ያው የድሮው ሞላ ነው። አልጠነከረም። ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበትን ቦታ ወስዶ ነው ቁመት የሰጣችሁ። ከአንድ ኪስ አውጥቶ ሌላ ኪስ መክተት በሉት። ደግሞ ሞላው የሚያርፈው የታችኛው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ፣ 1 ኢንች ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 2 ኢንች ይጠጋል። ይሄን ያላወቀ ሰው ባለ 2 ኢንች ያስገባና ሲቪ ጆይንቱን በወሩ ይሸኘዋል። ኋላ ደግሞ በአክስሉና በባሌስትራው መሃል ብረት የሚያስገቡ አሉ። ልክ ሆኖ ከተሠራ ኋላ ላይ ይሁን ልበል። ፊት ላይ ግን በፍጹም! ባሌስትራውን ከአክስሉ የሚያስረውን የዩ ቅርጽ ቡሎን ደግሞ አሮጌውን መልሳችሁ አትሰሩ። አዲስ ግዙ። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ተመልሳችሁ አጥብቁት። ይሄንን ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ሳልናገረው አላልፍም።

ከዲፈረንሻሉ ቀጥሎ የሚያናድደኝ «ሊፍት ስላለው ብዙ ይጭናል» የሚሉት ነገር ነው። አይጭንም። ባሌስትራ ተጨምሮለት ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነው የተታለላችሁ። የጭነት ልኩን የወሰኑት አክስሉ፣ ሻንሲው፣ ፍሬኑና ጎማው ናቸው። ባሌስትራው ጎንበስ ማለቱ «ኧረ በዛብኝ» የሚልበት ቋንቋው ነበር። እናንተ አፉን ዘጋችሁት። 15 ኩንታል ድንች ጭኖ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሃይሉክስ ሳይ እኔ የማየው ሻንሲውን ነው።

ስለ ፍሬን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ አለች። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል። ዘንጓ ይሄን አይታ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ትፈቅዳለች። ሊፍት ስታደርጉ ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል። ዘንጓ «መኪናው ባዶ ነው» ብላ ታምናለች። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ላይ ሆናችሁ ያነሰ የኋላ ፍሬን ትሰጣችኋለች። ማስተካከያ አላት፣ ሥራው ደቂቃ ነው። ግን ሊፍት ተደርጎላቸው እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ይቺ የተስተካከለችላቸው ስንቶቹ ናቸው? በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ።

የሃርድ ቶፕ ሰዎች ደግሞ መሪያቸው «ይንሳፈፋል» ብለው ይመጣሉ። ሊፍቱ የፊት አክስሉን ትንሽ ወደ ፊት ስላዞረው መሪው ራሱን መመለስ ትቷል። ማካካሻ ቡሽ (መገጣጠሚያው ላይ የሚገባ) አለው። አላይመንት ብቻ ተብሎ ቢሠራ አይድንም። የፊት መብራቱንም ዝቅ አድርጉ። ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው እያበራችሁ ያላችሁት።

እኛ አዳማ ነን ደግሞ። ነፋሱን እናውቀዋለን። ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖች የተተከሉት 204 ሜጋ ዋት እንዲያወጡ ታስቦ ነው። ያንን ሁሉ ብረት የሚያዞር ነፋስ 4 ኢንች የተነሳ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ጎማና ድንኳን የጫነ መኪና ሲያገኝ ዝም ይላል ብላችሁ ነው?

ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ሰው ሁሉ ከቁመት ይጀምራል። «2 ይሻላል 3?» ይለኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሁልጊዜ መኪናው ላይ ያለውን ክብደት ነው። የብረት ፓራውልት አለው? ዊንች (መኪና መጎተቻ) አለው? በሳምንት ስንት ቀን ይጫናል? ሞላና ባሌስትራ የሚመረጠው በክብደት ነው። ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ካስገባችሁ ወገባችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ቀጥሎ የጎማውን መጠን እጠይቃለሁ። ከዚያ ሾኩ ለዚያ ሞላ የሚሆን ርዝመት እንዲኖረው አደርጋለሁ። ቁመቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ራሱ የሚወጣ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜም ሰው ካሰበው ያነሰ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሊፍት አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ከኢተያ አንድ ገበሬ መጡ። ስንዴ ሲያመላልስ የከረመ ፒክ አፕ ነው። «ልጄ፣ ይሄ መኪና ሆዱን መሬት እየጎተተ ነው፣ ሊፍት አድርግልኝ» አሉኝ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁት። (የሚለካው እንደዚህ ነው። ከመሬት ከለካችሁ የጎማው ንፋስ ያሳስታችኋል።) ከዚያ ከተመሳሳይ ጤነኛ መኪና ጋር አወዳደርኩት። 5 ሴንቲ ወርዷል። ባሌስትራው ደክሞት ተኝቷል። አዲስ አስገባን፣ መኪናው ቆመ። «ስንት ኢንች ሊፍት አደረግከው?» አሉኝ። «ምንም አባቴ፣ ወደ ራሱ ቁመት መለስኩት» አልኳቸው። ያላመኑኝ ይመስለኛል።

ለደላላው መልስ ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ከመሬት እስከ ኋላ ዲፈረንሻሉ ሆድ ለካና ሊፍት ካልተደረገ ሃይሉክስ ጋር አስተያየው» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ፎቶ ላከ። ሜትሩን ዘርግቶ ይዟል። ጎንበስ ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ ከመሬት እስከ በሩ መርገጫ ድረስ።