ሥር ሳያወጣ የተነቀለ ቡቃያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን አንግሠን፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ከኋላዬ የተቀመጡ ወጣቶች ስለ አጥቢያቸው አረጋውያን ሲያወሩ ሰማሁ። «ደረቅ ግንድ ናቸው፤ ለብቻችን ወጥተን ብናገለግል ይሻላል» ይባባላሉ። የኢዮብ ቃል መጣብኝ፦ «ዛፍ ቢቈረጥ ደግሞ ያቈጠቍጥ ዘንድ፥ ቅርንጫፉም እንዳያልቅ ተስፋ አለው» (ኢዮ. 14፥7)።

ይህን ቃል ስንጠቅስ ቁጥር 9 ላይ ማቆም እንወዳለን። ኢዮብ ግን በዛፉ እየቀና ነው የተናገረው። አሥር ልጆቹን አጥቷል፤ ቁስሉን በገል እያከከ አመድ ላይ ተቀምጧል። ዛፍስ የውኃ ሽታ ሲደርሰው ያቈጠቍጣል፤ ሰው ግን አንዴ ከተኛ አይነሣም ይላል። ቁጥር 14 ላይ ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላ ሕያው ይሆን እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ ከእሴይ ግንድ የወጣው በትር፣ በሦስተኛው ቀን የተነሣው ጌታችን ነው። ልጅ የቀበራችሁ እናቶች ሆይ፣ ያን ሁሉ እንባና ሙግት የሰማ እግዚአብሔር በመጨረሻ «ቅን ነገር ተናገረ» ያለው ስለ ኢዮብ እንጂ ስለ ወዳጆቹ አይደለም። እናንተም ሳታፍሩ በፊቱ አልቅሱ።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ከተቆረጠ ወይራ ጎን የወጣ ቡቃያ ቅጠሉ ቢለመልምም የራሱ ሥር የለውም፤ የሚጠጣው በአሮጌው ሥር ነው። ገንጥሎ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ የሚተክለው ሰው ብዙም ሳይቆይ ጭራሮ ያገኛል። የሚያውቅ አትክልተኛ ግን ክረምትን ጠብቆ እግሩ ላይ አፈር ይከምርለታል፤ አፈሩ እንዳይደርቅ ይጠብቃል፤ የራሱን ሥር እስኪያወጣም ከእናቱ አይለየውም። የሚቆርጠውና የሚያዛውረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ሥሩ አፈሩን እንደያዘ።

ወንድሜ፣ ውዳሴ ማርያምን ማን አስደገመህ? እህቴ፣ በልጅነትሽ እጅሽን ይዞ ለቅዱስ ቁርባን ያቀረበሽ ማን ነው? ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች «ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም» ብሎ የጻፈው እንዲህ ላለው ትምክህት ነው። ሥሩን ደረቅ ብሎ መስደብ፣ ያውም ከንግሥ መልስ! እናንተም አባቶች፣ ከበሮ የሳተውን ልጅ በሕዝብ ፊት ስታሳፍሩት አፈሩን የሚከምርለት ማን ይሁን?

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ለብቻችሁ ለመውጣት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሱባኤውን በአጥቢያችሁ ያዙ፤ ከጾሙ በኋላም ሐሳባችሁን መጀመሪያ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።