የቤት ውስጥ ጭስና የደጋ ሰው ሳንባ

በኢትዮጵያ ደጋና ውርጭ አገሮች፣ በሰሜን ተራሮችም ሆነ በመንዝ ወይም በባሌ፣ ምድጃ ለማብሰያ ብቻ አይደለም። ብርዱን የሚሰብረው፣ የራሰ ልብስ የሚያደርቀው፣ ማታ ቤተሰቡን የሚሰበስበው እሱ ነው። ስለዚህ እሳቱ ከንጋት እስከ መኝታ አይጠፋም። ነፋስ እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፤ መስኮት ካለም ጠባብ ነው። ቆለኛ ደጅ ወጥቶ ወይም ዳስ ሥር ሆኖ ማብሰል ይችላል፤ ደገኛ ግን ከጭሱ ጋር ያድራል።

የተራራው ደን ከተመናመነ ቆይቷልና በብዙ ቦታ ማገዶው ኩበት ነው፤ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይታከልበታል። ክረምት ላይ በደንብ ያልደረቀ ኩበት ከመንደድ ይልቅ መጨስ ይቀናዋል።

ከሁሉ የሚከፋው እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ነው። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል። እናት ጎንበስ ብላ እሳቱን እፍ ትላለች፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሻለች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች። በከፈተች ቁጥር እንፋሎቱና ጭሱ አንድ ላይ ፊቷን ይመታዋል፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። የታዘለው ሕፃን አፍንጫ ትከሻዋ ጋ ነው፤ እሷ የምትስበውን ይስባል። ከላይ ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሯል። ጭሱ ሣር ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል ስለሚባል ሁሉም ሰው አይጠላውም።

ከፍታው ጉዳቱን ያባብሰዋል። በ3,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 65 በመቶ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ደግሞ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ጠንክሮ ይጣበቃል፤ ያችኑ ጥቂት ኦክስጅን ይሻማል። ኦክስጅን ሲያጥር የሳንባ ደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ጭስ ለዓመታት የጎዳው ሳንባ ሲጨመርበት በእነዚህ በጠበቡ ሥሮች ደም የሚገፋው የልብ ቀኝ ክፍል ይደክማል፣ እግር ያብጣል።

ደገኛ ለከፍታ የተፈጠረ ነው መባሉ እውነትነት አለው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እነ ሲንቲያ ቢል በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች የደም ኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንደሚኖሩት ሰዎች አልጨመረም። ይህ ግን የሳሳ አየር መቋቋሚያ ነው። ጭስ የሚያቆስለውን የአየር ቧንቧ አያድንም።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት ዳርጓል። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብና የልብ ሕመም ዋነኞቹ መዘዞች ናቸው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መመርመሩ ተገቢ ነው። ውጤቱ ነጻ ሲሆን ግን ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናት «ያጨሳሉ?» ተብለው ብቻ ይሸኛሉ። «እማማ፣ በምን ነው የሚያበስሉት? ቤቱስ መስኮት አለው?» ቢባሉ ሕመሙ ቶሎ ይታወቅ ነበር።

ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ የጭስ ማውጫ ካልተበጀለት ግን የቀረው ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ በጓቲማላ ደጋ፣ በሳን ማርኮስ፣ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሰጥቶ በተደረገና በ2011 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሙከራ፣ የሕፃናት ምች በጠቅላላው ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም። ከባዱ ምች ግን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ለእኔ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም፤ ሕፃናትን የሚገድለው ከባዱ ነውና። ሆኖም ቤቱን የማያሞቅ ምድጃ ደጋ ላይ ብቻውን አይበቃም፤ ብርድ ሲመጣ ጉልቻው ተመልሶ ይነዳል።

ከተማ ላይ ኩበቱን ከሰል ተክቶታል። ከሰል ዓይን አያስለቅስም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ፍም ያለበት ማንደጃ ከመኝታ በፊት ደጅ መውጣት አለበት።