ሪኩዌስት ስቶፕ ምንድን ነው? እጅ ካልተዘረጋለት የማይቆመው የእንግሊዝ ገጠር ባቡር

የሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያውቃት አባባል አለች፦ “ወራጅ አለ!” እሷ ካልተባለች ታክሲው ያልፋል። መንገድ ዳር የቆመውም ሰው እጁን ካልዘረጋ የሚቆምለት የለም። በእንግሊዝ ገጠር በዚሁ ዓይነት ሕግ የሚሄዱ ባቡሮች አሉ። ጣቢያዎቹ ሪኩዌስት ስቶፕ ይባላሉ፤ ባቡሩ ወራጅ ወይም ተሳፋሪ ሲኖር ብቻ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ማለት ነው። በመላ ብሪታንያ ከመቶ በላይ ናቸው።

በጉዞ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ያለውን ጣቢያ የምትለየው ሰዓቱ አጠገብ በምትታተመው “ኤክስ” ፊደል ነው። መውረድ ከፈለግህ ለትኬት ተቆጣጣሪው ቀደም ብለህ ትነግረዋለህ፤ እሱ ለነጂው ያሳውቃል። መሳፈር ከፈለግህ ደግሞ መድረኩ ላይ ነጂው በደንብ በሚያይህ ቦታ ቆመህ፣ ባቡሩ ብቅ ሲል እጅህን ትዘረጋለህ። ከታክሲ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ፍሬን ሲይዝ እዚያው ቀጥ ይላል፤ ባቡር ለመቆም በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ነጂው ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቅ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ይቀንስና ዓይኑን መድረኩ ላይ ተክሎ ይቀርባል። ሰው ካየ ይቆማል። ካላየ መልሶ ፍጥነቱን ይጨምራል። በዚህም ነዳጅ ይቆጠባል፤ ጊዜም ይተርፋል። በተለይ ነጠላ ሐዲድ ባለበት መስመር ያለ ምክንያት የባከነች ደቂቃ ከወዲያ ማዶ ተራውን የሚጠብቀውን ባቡርም ታዘገያለች።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንድ ጣቢያ ላይ ማተኮር ይሻላል። እኔ በርኒ አርምስን እመርጣለሁ፤ ከእሱ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የገጠር ጣቢያ የለምና።

በርኒ አርምስ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ከኖሪች ወደ ግሬት ያርማዝ በሚወስደው መስመር ላይ ይገኛል። ዙሪያውን ለጥ ያለ ረግረጋማ ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ የውኃ ቦይ ያቋርጠዋል፣ የወፍ መንጋ ያርፍበታል። መኪና አይደርስበትም። ቅርብ የሚባለው አውራ ጎዳና ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሚመጣ ሰው ወይ በእግሩ፣ ወይ በያር ወንዝ ላይ በጀልባ፣ ወይ በባቡር ነው የሚመጣው። መድረኩ አጭር ነው፤ ከአንድ ፉርጎ ብዙም አይበልጥም። ከወንዙ ዳር ባለ ሰባት ፎቅ የነፋስ ወፍጮ ቆሟል፤ ቁመቱ 21 ሜትር ያህል ነው። ወፍጮ ሲባል እህል የፈጨ እንዳይመስላችሁ። የተሠራው ለሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ መፍጫ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን ከሜዳው ላይ ውኃ እየሳበ ያወጣ ነበር።

ታዲያ ሰው በሌለበት ሜዳ ጣቢያ ማን ሠራ? ያርማዝንና ኖሪችን የሚያገናኘው ሐዲድ የተከፈተው በ1844 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኖርፎክ የመጀመሪያው ባቡር ነበር። የኩባንያው ሊቀመንበር ያ ዝነኛው የእንፋሎት ባቡር ፈር ቀዳጅ ጆርጅ ስቲቨንሰን፣ መሐንዲሱ ደግሞ ልጁ ሮበርት ነበሩ። በነጠላው ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ጣቢያ ከጣቢያ በቴሌግራፍ ይነጋገሩ ነበር፤ ለዚያ ዘመን እጅግ አዲስ ነገር ነው። ሐዲዱ ግን በረግረጉ ለማለፍ የቶማስ ትሬንች በርኒን መሬት መንካት ነበረበት። ባለርስቱም መሬቱን ሲሸጥ ቃል አስገባ፦ እዚህ ቦታ ላይ ጣቢያ ይሠራል፣ ጣቢያውም ለዘለዓለም ይኖራል። ስሙም የቤተሰቡ ሆነ። “አርምስ” ማለት የቤተሰብ አርማ ነው፤ በእንግሊዝ ብዙ መጠጥ ቤቶች በባላባት አርማ ስለሚጠሩ እዚያም ወንዙ ዳር በዚሁ ስም የሚጠራ መጠጥ ቤት ነበር።

ከዚያ የሆነው ውል የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ተሳፋሪ እንደሌለ አይቶ ባቡሮቹ እዚያ መቆማቸውን እንዲተዉ አደረገ። በርኒ ሲቆጣ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ ውሉ ጣቢያ ይኑር ይላል እንጂ ባቡር ይቁም አይልም። በወረቀቱ መሠረት እውነት ነው፤ ጣቢያው አለ። ሆኖም ባቡር የማይቆምበት ጣቢያ ለሰው ምን ይፈይድለታል? ክርክሩ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ ባቡሮች በሳምንት በተወሰኑ ቀናት እንዲቆሙ ስምምነት ተደረሰ። ሪኩዌስት ስቶፕን በደንብ የሚያስረዳኝ ይህ ታሪክ ነው። በኩባንያው ዘዴ ባቡሩ ሰው ቢኖርም ያልፋል፤ በሪኩዌስት ስቶፕ ግን ሰው ሲጠይቅ ይቆማል፤ የሚጠይቀው አንድ ሰው እንኳ ቢሆን።

በ1883 በኤክል በኩል ወደ ያርማዝ የሚያደርስ ሌላ ሐዲድ ተከፈተ። አብዛኛው ባቡር ወደዚያ ስለዞረ የበርኒ መስመር ይበልጥ ጭር አለ። በ1963 ደግሞ ዶክተር ቢቺንግ የሚባሉት የባቡር ሹም ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ እንዲዘጋ የሚመክር ሪፖርት አወጡ። ያኔ የእንግሊዝ ገጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎቹን አጣ፤ ትልልቅ መንደሮች ሳይቀሩ ከሐዲድ ተቆረጡ። አንድ መንደር እንኳ የሌለው በርኒ አርምስ ግን ተረፈ።

ዛሬ በአዘቦት ቀን የሚቆሙለት ባቡሮች ጥቂት ናቸው። እሑድ ይጨምራሉ፤ ምክንያቱም የሚጠቀሙበት በአብዛኛው የእግር ተጓዦችና ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ከጥቅምት 2018 እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. መስመሩ ተዘግቶ ነበር፤ ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የቆየው፣ ክንፍ ከፍ ዝቅ እያደረገ ምልክት የሚሰጠው መሣሪያ በዘመናዊ ተተካ። በዚህ የተነሣ በ2019/20 የበጀት ዓመት በጣቢያው የተጠቀመው ሰው ብዛት 42 ብቻ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከመላ ብሪታንያ የመጨረሻው። በእርግጥ አኃዙ በዋናነት ከትኬት ሽያጭ የሚሰላ ግምት ነው።

“42 ሰው ለሚጠቀምበት ጣቢያ ምን አደከማቸው?” የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ በብሪታንያ ጣቢያ መዝጋት ሕግ ያስቀመጠው ረጅም ሂደት አለው፤ ሕዝብ ይጠየቃል፣ ተቃውሞ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ሪኩዌስት ስቶፕ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሠራተኛ አይቀመጥበትም፣ ትኬት መሸጫ አያስፈልገውም፣ ባቡሩም እንደሆነ በዚያው የሚያልፍ ነው። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩም እየተለወጠ ነው። በሰሜን ስኮትላንድ ከ2022 ጀምሮ በአንዳንድ ጣቢያዎች ተሳፋሪው ቁልፍ ይጫናል፤ መልእክቱ በሬዲዮ ለነጂው ይደርሰዋል። ሰው ከሌለ ፍጥነት መቀነስ እንኳ አያስፈልግም። በጨለማ እጅ መዘርጋት ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በርኒ አርምስን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ፣ የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ። ስትሳፈሩ መድረኩ አጭር መሆኑን አስታውሳችሁ የትኛው በር እንደሚከፈት ተቆጣጣሪውን ጠይቁት። መጠጥ ቤቱ ስለተዘጋ ውኃና ስንቅ መያዝ ግድ ነው። ባቡሩ ካመለጣችሁ፣ በውኃው ዳር ዳር እስከ ያርማዝ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ይጠብቃችኋል።